ወደ ባሕር የጣልኩት ምሳ

ሐሙስ፣ ነሐሴ 22። ጠዋት።

የደም ግፊት ኪኒን ተዋጠ። መስኮቱን እንደገና ወለወልኩ። ልጄ ሄለን ትናንት ወልውዬዋለሁ ብላ ነበር፤ ሳታደርቀው ትታው ዝንጉርጉር ሆኗል። እኔ በተማርኩበት አዳሪ ት/ቤት መስኮት እንዲህ ትታ የሄደች ልጅ ምሳ አትበላም ነበር።

ዘይነባ ደወለች። ቅዳሜ በጀልባቸው ዓሣ ሊያጠምዱ ነው፤ ይምጡ አለችኝ። ባሏ ኑረዲን ጀልባዋን ከገዛ ወዲህ ኖርዝጌት ሰፈር ያለውን ሱቅ ለእሷ ትቶ ባሕር ላይ ነው የሚውለው። በዚህ ዕድሜዬ እዚያ ምን እሠራለሁ? አልኳት። «ዝም ብለው ተቀምጠው ይቆጡናል! ኑሪ የሚፈራው ሰው ያስፈልገዋል» አለች። ሳቅሁ። እሺ አልኩ።

ስለ ዘይነባ ደጋግሜ ጽፌብሃለሁ፣ ማስታወሻዬ። የአገሬ የቡታጅራ ልጅ። ባለቤቴ በሞተ ጊዜ ከሁሉ ቀድማ መጥታ፣ ለቅሶው እስኪያበቃ ሳህን ስታጥብ የሰነበተች።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 24። ከቀኑ 11 ሰዓት።

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

በማለዳ ኤድመንድስ ወደብ ደረስን። ባሕሩ እንደ ተወለወለ ጠረጴዛ። እንዳልሰምጥ ላይፍ ጃኬት አለበሱኝ። ኑረዲን የማጥመጃ ዘንግ ሊያስይዘኝ ፈለገ፤ የማጥመድ ፈቃድ የለኝም አልኩ። ማን ያየናል አለ። ሰው ባያይ እግዜር ያያል ብዬ ገሠጽኩት። (ይህን ያልኩት እኔ ነኝ።) ከኋላ ተቀመጥኩ።

ረፋዱ ላይ ዘይነባ ምሳ አወጣች። ኑረዲን ሳምቡሳውን ሲገምስ ውስጡን አየሁት፤ የተፈጨ ሥጋ። ለእኔም ሁለት በሶፍት ጠቅልላ ሰጠችኝ። ገና ትኩስ ነው።

ሙስሊም ያረደውን ሥጋ በልቼ አላውቅም። እሷም ክርስቲያን ያረደውን በልታ አታውቅም። በእኛ አገር ይህ ጠብ አይደለም፤ ሁሉም የየራሱን ይበላል፣ አብሮ ይቀመጣል። ውስጡ ምንድነው ብዬ መጠየቅ እችል ነበር። አልጠየቅሁም። ይሉኝታ ይሁን ኩራት አላውቅም። ጥቅልሉን ይዤ ቀረሁ።

ያን ጊዜ ዘንጉ ጎበጠ። «ኑሪ! ያዘ፣ ያዘ!» ብላ ጮኸች። ሁለቱም ጀርባቸውን ሰጡኝ። እጄን በጀልባዋ ጠርዝ አሳልፌ ጣቶቼን ከፈትኩ፤ ሳምቡሳዎቹ ወረዱ፣ ሶፍቱ መዳፌ ላይ ተጣብቆ ቀረ።

የባሕር ወፎቹን አላሰብኳቸውም። ከየት እንደመጡ እንጃ፣ እየጮኹ ወረዱብን። አንዱ ሳምቡሳውን አንሥቶ ከራሳችን በላይ ሲሻሙበት ተበጠሰ፤ የውስጡ ኑረዲን ኮፍያ ላይ ዘነበ።

ምስር። ቃሪያ የገባበት ምስር።

«ኧረ ሱብሃነላህ! ከሰማይ ሳምቡሳ!» ብሎ ሳቀ ኑረዲን። ዘይነባ አልሳቀችም። እጄ ላይ የቀረውን ባዶ ሶፍት አየች። «የእርስዎ እኮ ለብቻው ነበር፣ እትዬ» አለች፤ ቀስ ብላ።

ማዕበል ገፍቶኝ አመለጠኝ አልኩ። ማዕበል! ባሕሩ እንቅልፍ ላይ ነበር።

ሌላ ሁለት ሰጠችኝና «በሁለት እጅዎ ይያዙት» አለች። እያዩኝ በላሁ። የባሰው ደግሞ መጣፈጡ። ዓሣው ከመንጠቆው ተላቅቆ ሄዷል። ኑረዲን እስክንመለስ መረቡን በጊዜ አላቀበልሽኝም እያለ ሚስቱን ሲወቅስ ዋለ።

እሑድ፣ ነሐሴ 25።

ከቤ/ክ ተመለስኩ። ቅዳሴው ውስጥ ሐሳቤ ባሕር ላይ ነበር። ሳስበው ጥፋቴ ያን ያህል አይደለም። ሃይማኖቴን ጠበቅሁ። ሥጋ ቢሆን ኖሮስ?

ከሰዓት በኋላ። ከላይ የጻፍኩት ሐሰት ነው። አልሰርዘውም፣ ይታይ። ሃይማኖቴ ጠይቂ ብሎኛል እንጂ ጠርጥሪ፣ ጣይ፣ ዋሺ አላለኝም። ያውም የጠረጠርኩት እሷን።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 28።

ማውንትሌክ ቴራስ፣ አራስ ጥየቃ። ቤቱ በሴት ተሞልቷል። ዘይነባ ቀድማኝ ደርሳለች። ገና ስቀመጥ ጀመረች። «ሰማችሁ? ወፍ ከእትዬ እጅ ሳምቡሳ መንትፎ ሄደ! በፊታችን! የዚህ አገር ወፍ ሌባ ነው!» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንዷ «እትዬ፣ እንደ ልጆቻችን ግድግዳ ሥር አላቆሙትም?» አለችኝ። አራሷ ሳትቀር ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

ሳቅሁ፣ ማስታወሻዬ።

የእኔ ማዕበል ማንንም አያሳምንም ነበር። እሷ ውሸቴን አሳምራ፣ በወፍ አሳብባ፣ በሰው ፊት ተሸከመችልኝ። ስትሄድ ከትከሻዬ የወረደውን ነጠላ መለሰችልኝ። ዓይኔን ግን አላየችም። ሁልጊዜ ግንባሬን ስማኝ ነበር የምትሄደው።

ሰኞ፣ ጳጉሜን 3። ማታ።

ሽማግሌ ልላክባት ብዬ ነበር። ምን ብለው ይገባሉ? ስለ ሁለት ሳምቡሳ? ባቡር ይዤ ራሴ ኖርዝጌት ወረድኩ።

ሱቅ ውስጥ ሽሮ በላስቲክ ትመዝናለች። በሩ ላይ ቆሜ ተናገርኩ፤ ቁጭ ብል የምተወው መሰለኝ። አውቄ ጣልኩት፣ ሥጋ መስሎኝ ነው፣ ማዕበል አልነበረም።

«አውቃለሁ» አለች። «መረቡን ላነሣ ስዞር ጣትዎ ሲከፈት አየሁ።»

ታዲያ ያን ሁሉ ወሬ ለምን አወራሽ? አልኳት።

«ኑሪም ገብቶት ነበር፤ እውነቱን ቀድሞ እንዳያወራው ነዋ! የሱን አፍ አያውቁትም?»

ሳቅ አልን። ከዚያ ሚዛኑን አስቀመጠችና «ግን እትዬ፣ እኔ ምን ላበላዎት ነው የመሰለዎት?» አለችኝ።

አንድ ደንበኛ ገብቶ «እኅቴ፣ በርበሬው ገብቷል?» አለ። አስተናግዳው ተመለሰች። እኔ አሁንም እዚያው ቆሜያለሁ። ይቅር በይኝ አልኩ፤ ያገኘሁት ቃል እሱ ብቻ ነው። «አላህ ይቅር ይበለን» አለች፤ ወንበር ሳበችልኝ።

ከበዓል በኋላ ቅዳሜ እንደገና ይወጣሉ። ይመጣሉ ወይ አለችኝ። ምሳው የእኔ ይሁን አልኳት። ምን እንደማመጣ፣ በምን እንደምሠራው ልነግራት ስጀምር አቋረጠችኝ።

«ያመጡትን እበላለሁ» አለች፤ ከሽሮዋ ላይ ቀና እንኳ ሳትል።

ረቡዕ፣ ጳጉሜን 5። የአዲስ ዓመት ዋዜማ።

ሄለን ዶሮዋን ይዛ ገብታለች። ድስቶቼንና መጥበሻዎቼን ሁሉ አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩ። የበዓል ሥጋ ያልተሠራበት አንድም የለም። ሄለን ምን ሆነሻል፣ ታጥበው የለም ወይ ትለኛለች። ታጥበዋል። እኔው ነኝ ያጠብኳቸው።

እናቴ ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ለብቻው ያስቀመጠችው ድስትና ሳህን ነበራት። እኛ ልጆቹ ብንነካው እጃችንን ትመታን ነበር። ማንም መጥቶ አልመረመራትም፤ እምነቱ በእሷ ላይ ነበር።

ዘይነባ አትጠይቅም። ስለማትጠይቅ እኔ ልጠይቅላት ይገባል። ዛሬውኑ ወጥቼ አዲስ መጥበሻ፣ አዲስ ማማሰያ፣ ያልተከፈተ ዘይት እገዛለሁ። በዚህ ቤት ማንም ሥጋ አይነካበትም። ከላይኛው መደርደሪያ፣ ለብቻው ይቀመጣል።