ከፎጣው ሥር

ጥር 15 ቀን 1950፣ ሐሙስ

ገበያው ደህና ነበር። ከጀጎል ግንብ ኤረር በር ውጭ ያለው ሜዳ ጢም ብሎ ዋለ። ሰባት ፍየል ገዛሁ። አንዷ ታነክሳለች... ሳኒ ሆን ብሎ ከመሃል አስገብቷት ነው። ይሁን፣ ባለፈው እኔም ጥርሱ ያለቀ በሬ አሳልፌበታለሁ። ሳኒ የድሬ ጠያራ ገበሬ ነው። ሲሸጥ እንደ ሙሽራ ያቀረቅራል። ዋጋው ግን አያቀረቅርም።

ተናኘወርቅ ጫማዬን ደጅ አስወለቀችኝ። "ይህን የፍየል ሽታ ይዘህ እልፍኝ አትገባም።" አሥራ ስምንት ዓመት የፍየል ነጋዴ ሚስት ሆና ዛሬም አልለመደችውም።

ሌላ የሚጻፍ የለም።

ጥር 22፣ ሐሙስ

ሐዋ ልካብኝ ከገበያ በኋላ ጀጎል ገባሁ። የሙሜ ሚስት። ባለፍኩ ቁጥር ከደጅ ሰላም ብያት እሄዳለሁ እንጂ ከገባሁ ቆይቻለሁ።

ሙሜ ሸሪኬ ነበር፣ አሥራ አንድ ዓመት። ፍየልና በሬ ነድተን ከጅጅጋ አልፈን እስከ ጠረፉ እንወስዳለን፣ ለሶማሌዎቹ ሸጠን ጨርቅና ቴምር ጭነን እንመለሳለን። በተራ ነው። አንዱ ሲሄድ አንዱ እዚህ ይገዛል። ከሦስት ዓመት በፊት ሄደ፣ በዚያው ቀረ።

"ጋሽ አባይነህ" አለችኝ፣ "ወንድሜ አሚን መቀመጫ አሳጣኝ። አንድ የድሬዳዋ ባለሱቅ ጠይቆሻል፣ አግቢ ይለኛል። ባል አለኝ እለዋለሁ። የት አለ? ይለኛል።"

ያቀረበችልኝን ሻይ አንስቼ ፉት አልኩ።

"ለመጋቢት ዘጠኝ ቃዲው ዘንድ ተቀጥረናል። እርስዎ መጥተው የሚያውቁትን ይናገሩ። ሞቷል የሚል ሰው ከተገኘ ዒዳዬን እቀመጣለሁ፣ አራት ወር ከአሥር ቀኔን አዝንለታለሁ፣ ከዚያ አላህ ያውቃል። ካልተገኘ ግን ወላሂ እጠብቀዋለሁ። ጥርሴ እስኪረግፍ።"

እመጣለሁ አልኳት። ከሻሿ ሾልኮ የወጣው ፀጉር ሸብቷል። ገና ሠላሳ አምስት እንኳ አይሞላትም።

የሚያውቁትን ይናገሩ... 

ጥር 29፣ ሐሙስ

ከገበያ እንደገባሁ ነው የምጽፈው።

እኛ የምንገበያየው በፎጣ ሥር ነው። ሻጭና ገዢ ቀኝ እጃቸውን ይዘረጋሉ፣ ላዩ ላይ ፎጣ ይጣላል፣ ዋጋው በጣት ነው። አንድ ጣት መያዝ አሥር፣ ሁለት ጣት ሃያ፣ መዳፍ መጨበጥ ተስማማን። አፍ ስለ ዝናብ ያወራል፣ እጅ ይከራከራል። የቆመው ሰው ሁሉ ዋጋ እንዳይሰማ።

ዛሬ ከሳኒ ጋር እጄን አስገባሁ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፣ የያዘኝ እጅ ግን ቀዝቃዛ ነው። ትንሿን ጣት ልይዝ ስል አጠረችብኝ። ጫፏ የለም።

የሙሜ ጣት ናት። ከኮርማ ጋር ሲታገል ገመድ የቆረጣት። "ለሌላው ሰው ጣት አሥር ነው፣ የእኔዋ አምስት ናት" እያለ ገበያውን የሚያስቅባት። አሥራ አንድ ዓመት የያዝኳት ጣት ትጠፋኛለች?

ፎጣውን ገለጥኩ። የሳኒ እጅ። አምስት ሙሉ ጣት፣ ጥፍሩ ውስጥ አፈር።

"ምነው አባይነህ፣ ጊንጥ ነደፈህ እንዴ?"

ሳቅኩ። የሳቅኩ መሰለኝ።

የካቲት 3፣ ሰኞ

ፀሐይ መትቶኝ ይሆናል። ወይ ደም ብዛት ነው። ተናኘወርቅ ፊቴን አይታ ጠበል ሂድ አለችኝ። ምን እንደነካኝ አልነገርኳትም።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

ፀሐይ አይደለም።

ከሳኒ ጋር ስለ አንድ ሙክት ፎጣ ሥር ገባን። መጀመሪያ የራሱ እጅ ነበር፣ ሻካራ፣ ሞቃት። ሁለት ጣት ያዘኝ። ልመልስለት ስል ከጎን ሌላው መጣ... ቀዝቃዛው። ዋጋ አይልም። ጣት አይቆጥርም። ይይዛል ብቻ። ሰው የሚነግርህ ነገር ኖሮት እጅህን አልለቅም ሲል እንደሚይዘው።

ሳኒ ስለ ዝናቡ ጀምሮት የነበረውን ወሬ አቋረጠ።

"አባይነህ፣ ሁለት እጅ ነው እንዴ ያስገባኸው?"

ግራ እጄ ዱላ ይዟል። እሱም አየው፣ እኔም አየሁት። የሳኒ ግራ እጅ የሙክቱን ገመድ ይዟል። ፊቱ አመድ መሰለ። "አዑዙ ቢላሂ" ብሎ ፎጣውንም ሙክቱንም ጥሎልኝ ሄደ። በኋላ ሙክቱን ሊወስድ ተመለሰ። ፎጣውን ግን አልነካውም።

እሱም ያን ቀዝቃዛ እጅ ነክቶታል። እንግዲህ እብደት ነው ማለት አልችልም። እብደት ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

ሳኒ አውርቷል። ማን አያወራ። ፎጣዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ሜዳውን ዞርኩ፣ እጁን የሚሰጠኝ ጠፋ።

"ከአንተ ጋር በአፍ ነው" አሉኝ።

በአፍ! በአፍ የሚገዛ ድግስ የደረሰበት የከተማ ሰው ነው። ዋጋዬን ጮክ ብዬ ጠራሁ፣ አጠገቤ የቆመው ሰምቶ ጨመረብኝ። ሁለት ፍየል ብቻ ይዤ ገባሁ። እንዲህ ከሆነ ከፋሲካ በፊት ሥራዬን ዘጋሁ ማለት ነው። ተናኘወርቅ "ሰው ለምንድን ነው የሚሸሽህ?" አለች። ሽታው ነው አልኳት። አልሳቀችም።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

ይውጣልኝ። እዚህ ካልጻፍኩት የት?

ሙሜ ሞቷል። አውቃለሁ። ካወቅኩ ሦስት ዓመት ሊሆነኝ ነው።

ዩሱፍ የሚባል ግመል ነጂ መጥቶ ነገረኝ። ከጅጅጋ ወዲያ ንዳድ ያዘው፣ በሦስተኛው ቀን አረፈ፣ ራሴ ከግራር ሥር ቀበርኩት አለ። "እኔ ቤቱን አላውቀውም፣ ለሚስቱ አንተ ንገራት።" እሺ አልኩት። በማግሥቱ ወደ አገሩ ወረደ፣ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ነገ... ነገ... አንድ ሳምንት ሲያልፍ እስከዛሬ የት ነበርክ ትለኛለች አልኩ። ዓመት ሲያልፍ ጭራሽ አፌ ተያዘ።

ለምን? ተራው የእኔ ነበራ! ያን ጊዜ መንገዱ ላይ ሽፍታ በዝቷል ተባለ። ፈራሁ። ወገቤን ብዬ ተኛሁ። ሙሜ መጣ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ "አብሽር፣ እኔ እሄዳለሁ" አለኝ። ወገቤ ምንም አልነበረም። ሞቱን ከነገርኳት በማን ተራ እንደሄደ ትጠይቃለች ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ለዚህ ብዬ።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

ገበያ አልሄድኩም። ዳቦ የተሸፈነበትን ጨርቅ አስቀድሜ ገልጬ ነው የምቆርሰው። ከሥሩ እጄን አልሰድም። ተናኘወርቅ ታየኛለች፣ አትጠይቅም።

የካቲት 28፣ ዓርብ

አሚንን መንገድ ላይ አገኘሁት። "ማክሰኞ ሳምንት ነው፣ እንዳትቀር። እህቴ ከአንተ ሌላ ሰው አላምንም ብላለች" አለኝ።

ቤት ገብቼ አልቅሻለሁ። ቃዲው ፊት ቆሜ አላውቅም ብል? ጥርሷ እስኪረግፍ ትጠብቃለች። እንደምታደርገው አውቃለሁ።

መጋቢት 8፣ ሰኞ

ነገርኳት።

ጠዋት ነው ሐዋ ቤት የሄድኩት። በሩን ክፍት ትታ መደቡ ላይ ተቀመጠች፣ እኔ ራቅ ብዬ። ነገር አላስረዘምኩም። ሙሜ ሞቷል አልኳት። ዩሱፍን፣ ንዳዱን፣ ግራሩን... ከዚያ ወገቤን። ከዚያ ተራውን።

"ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አለች። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅኩ። አልጮኸችም።

"ተራው ያንተ እንደነበር አውቃለሁ" አለችኝ። አንተ ብላኝ አታውቅም ነበር። "ሊሄድ ሲል ነግሮኛል። አባይነህ ፈርቷል፣ እንዳታሳፍሪው አለኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሰላም ስትለኝ አላሳፈርኩህም። እኔ የማላውቀው መሞቱን ነበር።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን አለበት?

የቀረውንም ነገርኳት፣ የእጁን። ያበድኩ ይመስላታል ብዬ ነበር። ግን ከትከሻዋ ላይ ፎጣዋን አወረደች፣ መሃላችን መደቡ ላይ ዘረጋችው፣ ቀኝ እጇን ከሥሩ አስገባች።

"አሳየኝ። እንዴት እንደያዘህ አሳየኝ።"

አልቻልኩም። የሰው ሚስት ናት፣ ደግሞም ፈራሁ። ሳመነታ ፊቷ ተለወጠ።

"በረዶ ነው" አለች ቀስ ብላ።

ፎጣው ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ጣቶቿ ይዳብሳሉ... አንድ በአንድ። ትንሿ ጣት ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

"ይኸውልህ" አለች። አሁን እንባዋ ወረደ። ወደ እኔ አላየችም። ወደ ፎጣው ነው የምታወራው። "ሰማሁ ሙሜ። ነገረኝ። በቃ ዕረፍ።"

ሁለቱም እጆቼ ጉልበቴ ላይ ነበሩ።

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ኤረር በር ስደርስ እግሬ ባዶ መሆኑን አየሁ። ጫማዬ ደጇ ቀርቷል።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

ቃዲው ፊት ቆምኩ። ክርስቲያን መሆኔን አልጠቀሰም። "ሸሪኩ ነህ፣ የሰማኸውን ተናገር" አለኝ። ተናገርኩ። ሙሜ የሞተበትን ወር ጠየቀኝ። ነገርኩት። በልቡ ቆጠረ፣ ወደ ሐዋ ዞረ።

"ልጄ፣ ዒዳ ከሞተበት ቀን ነው የሚቆጠረው። ያንቺ ካለፈ ከሁለት ዓመት በላይ ሆኖታል። ነፃ ነሽ።"

"አልተቀመጥኩለትም እኮ" አለች።

"አልፏል ልጄ።"

"አላወቅኩም ነበር እኮ... ያን ጊዜ እኮ ሰርግ ሄጃለሁ። ሂና ተቀብቻለሁ።"

አሚን ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሳም። እሷ ግን አንዴም ዞራ አላየችኝም።

"እንግዲያስ በራሴ እቀመጥለታለሁ" አለች። "ከዛሬ ጀምሬ።"

የሰረቅኳት ለካ ይህንን ነው። ባሏን ንዳድ ወሰደው። ኀዘኑን የወሰድኩባት እኔ ነኝ። ይህ በምን ይመለሳል?

ጫማዬን በአሚን ላከችልኝ። ተወልውሎ።

ሐምሌ 24፣ ሐሙስ

ከመጋቢት ወዲህ አልጻፍኩም።

ሐዋ ባለፈው ቅዳሜ ከቤት ወጣች። አራት ወር ከአሥር ቀኗን ሞላች። ለድሬዳዋው ባለሱቅ "መጀመሪያ ራሴ ልየው" ብላ ልካለች አሉ። ዛሬ ጠዋት ኤረር በር ላይ አገኘኋት። የኀዘን ነጩን አልለበሰችም፣ ቢጫ ነው። "ደህና ነህ?" አለችኝ። ደህና ነኝ ስል አልፋኝ ሄዳለች። ከእንግዲህ ይኸው ነው የሚደርሰኝ፣ እሱም ይበዛብኛል።

ተናኘወርቅም ሁሉንም ሰምታለች፣ ከራሴ አፍ። ሦስት ቀን አላናገረችኝም። በአራተኛው ጫማህን አውልቅ አለችኝ።

ገበያ ላይ ሳኒ መጣ። ዘወር ዘወር አለ። "እስቲ አምጣ" ብሎ እጁን ዘረጋ። አንድ ወይፈን ይዟል። ፎጣውን ጣልኩ።

ሻካራ እጅ ነበር፣ ሞቃት። ስለ ዝናቡ ያወራል። ሦስት ጣት ያዘኝ። እኔ ዋጋ መመለስ ትቼ ትንሿን ጣት ፈለግኩ። ሙሉ ናት፣ እስከ ጥፍሯ። ደግሜ ዳበስኩ፣ ከጎን፣ ከሥር። ሌላ እጅ የለም።

ይህን ነበር የምመኘው። ታዲያ እንባዬን ምን አመጣው? ዩሱፍ ሲነግረኝ አላለቀስኩም፣ ያን ጊዜ የማስበው ስለ ራሴ ነበር። ሙሜ ዛሬ ሞተብኝ። ሰው በሞላው ገበያ መሃል፣ የሳኒን እጅ እንደያዝኩ።

"ጨርስ እንጂ፣ ሰው ቆሟል" አለኝ ሳኒ።

መዳፉን ጨበጥኩት።