ቧንቧው ሞተ

…ልጅ ሳለሽ የእድሩ ጡሩምባ ሲነፋ ፈርተሽ አልጋ ሥር ትገቢ ነበር፤ ትናንት ያ ትዝ አለኝ። ፌበኔ፣ የምትረግጪውን ደጅ ሁሉ ጌታ ይክፈትልሽ። እኛ ደህና ነን።

ከጀርባችን ኮንዶሚኒየሙ ሰው ከገባበት ወዲህ ግን እዚህ ካራ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በሳምንት አንዴ ነው፤ የጤና ጣቢያው ወረፋም መንገድ ላይ ወጥቷል። አሁን ደግሞ ሌላ ሕንፃ ሊጨምሩ ነው።

ትናንት ማለዳ ጡሩምባው ሲነፋ ለለቅሶ ነጠላችንን ዘቅዝቀን፣ እያነባን ወጣን። «ማን ሞተ?» ስንል የእድሩ ዳኛ ጋሽ በዳዳ፣ «ቧንቧችን፤ ሳይቀበር እንድረስለት» አሉ።

«ያፈሰስኩትን እንባ ይመልሱልኛ!» አለቻቸው ጎረቤታችን ለሊሴ።

እየሳቅን፣ ነጠላችንን እንደዘቀዘቅን ቀበሌ ሄድን። ኃላፊው ለቀስተኛ መስለነው ከወንበሩ ተነሣ። «መጀመሪያ ውሃው፣ ከዚያ ሕንፃው» አልነው። ዛሬ መልሱን ይዞ ሊመጣ ቃል ገባ። እንዲህ አንድ ላይ ሆነን አናውቅም፤ በደስታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ብርዱን ተጠንቀቂ ልጄ። በረከቴ ይደርብሽ፤ ሲመችሽ ድምፅሽን አሰሚኝ።

ይኸው ጡሩምባው እንደገና ተነፋ፤ የቀበሌው መልስ መጥቶ ይሁን ሰው ሞቶ አልታወቀም። «ነጠላዬን ልዘቅዝቀው ወይስ እንዲሁ ልልበሰው?» ብዬ አባትሽን ጠየቅኩት። እሱ ግን ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ቀድሞኝ ወጣ።