ሰኞ ጠዋት፣ ከደንበኛ በፊት

ውድ ጠበቃው፣

«ክቡር ከንቲባ» ብዬ ልጀምር ስል ሳቄ አመለጠኝ። ሰፈሩ ያወጣልህ ስም ይሻለኛል። ምላጭ ይዘህ ስለ አውቶቡሱ መዘግየት፣ ስለ ውሃው መጥፋት ለደንበኛው ሁሉ ስትሟገት የወጣልህ ስም ነው። ሰው ሪዙን ሊያስተካክል መጥቶ አቤቱታውን አሰምቶ ይሄድ ነበር። ስንቱ ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደሆነ አንተን ሲያዳምጥ ከሥራው ቀርቷል መሰለህ!

እንኳን ደስ ያለህ። ይህን ከአንጀቴ ነው የምልህ። ናፍቀኸኛል፤ እሱም ከአንጀቴ ነው።

ፀጉር አስተካካይ የራሱን ፀጉር እንደ ሰው ፀጉር መቁረጥ አይችልም። ለዚህ ነበር ሰኞ ሰኞ ጠዋት፣ በሩን ለደንበኛ ከመክፈታችን በፊት፣ ተራ በተራ የምንቆራረጠው። አንድ ሰኞ እኔ ያንተን፣ በሚቀጥለው አንተ የኔን። ከግንባርህ በላይ ያለችውን ሽክርክሪት ከእኔ በቀር ማን አመሏን ያውቃል? ወደ ግራ ካላባበሏት ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ ግትር ናት፣ እንደ ባለቤቷ። በነዚያ ጠዋቶች ያወራነውን ለሚስቴ እንኳ አውርቼላት አላውቅም።

ከዚያ ምርጫው መጣና የቅስቀሳ ሰዎችህ ወሰዱህ። «እመለሳለሁ» ብለህ ጋዋንህን ሚስማሩ ላይ ሰቅለህ ወጣህ። ብዙም ሳይቆይ ፖስተርህ ከሱቃችን ፊት ለፊት ተለጠፈ። ሰው ሁሉ ፈገግታህን ሲያይ እኔ ፀጉርህን አየሁ። የሌላ ሰው እጅ ገብቶበታል፤ ሽክርክሪቷም ቀጥ ብላ ቆማለች። ትስቅ ይሆናል፣ እኔ ግን ቀናሁ። ከፋኝም። ጠዋት ጠዋት መዝጊያውን ሳነሳ ከዚያ ፖስተር ጋር ዓይን ለዓይን እንጋጠማለን። ሚስቴ ታዝባኝ ኖሮ፣ «ተወው በቃ። ከንቲባ አጃቢ እንጂ ጓደኛ የለውም» አለችኝ።

ደንበኞቻችንም አልማሩኝም። በዚህ ሙቀት ኮፍያዬን ስለማላወልቅ መላጣ ሆነ ብለው መሳቂያ አድርገውኛል። ይሳቁ።

ውጤቱ የተነገረ ዕለት ጡረተኛውን ሾፌር እየላጨሁት ነበር። ሬዲዮው ስምህን ሲጠራ ሱቁ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሾፌሩም ፎጣውን አንገቱ ላይ እንዳሰረ፣ አንድ ጉንጩ ተላጭቶ አንዱ አረፋ ሆኖ፣ መንገዱ መሃል ይጨፍራል። እኔም አብሬው ጨፈርኩ። ተመልሼ ወለሉን ስጠርግ ግን ወንበርህ ጋ ስደርስ እንባዬ መጣ። ከተማው አንተን ሲያገኝ እኔ ያጣሁህ መሰለኝ።

ትናንት ደግሞ ቃለ መሐላ ስትፈጽም በሱቁ ቴሌቪዥን አየንህ። ሱፍህ ልክክ ብሎልሃል። ፀጉርህ ግን ጆሮህን ሸፍኖታል! ሽክርክሪቷ የት እንደገባች አላውቅም። አንዱ ገና ሥልጣን ሳይዝ ጊዜ አጠረው አለ፤ ሌላው የከንቲባ ፋሽን ነው ብሎ አሾፈ። ሾፌሩ ወደ እኔ ዞሮ፣

«ምነው፣ ጓደኛህ ከመቀስ ጋር ተጣላ እንዴ?» አለኝ።

ኮፍያዬን ወደ ታች ሳብ አደረግኩ። ከዚያ ፖስተር ወዲህ ራስህን ማንንም አላስነካህም። ከተማ ሙሉ ፀጉር አስተካካይ እያለልህ፣ በዚያ ሁሉ ካሜራ ፊት እንደዚያ ሆነህ ቆምክ። ለምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ።

እንግዲህ ሰኞ ጠዋት ና፣ ከደንበኛ በፊት። አጃቢዎችህ ደጅ ይቁሙ። ጋዋንህ እዚያው ሚስማሩ ላይ ነው። እንደ ደረስክ ግን ከንቲባ ነኝ ብለህ ወንበሩ ላይ ዘፍ እንዳትል፤ በመጨረሻው ሰኞ የተቆረጥከው አንተ ነህ፣ ተራው የኔ ነው።

ኮፍያዬን ሳወልቅ እንዳትስቅ ብቻ።

ከጎንህ ያለው ወንበር ባለቤት