ዕቅድ ላላት ሴት የሚሆን ኮምፒውተር

ስሞላ ደሴት፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2019

ይድረስ ለልጄ ለሲኖቬ፣

እንደምን ከርመሻል? እናንተ ጋ ግራትስ ላይ በረዶው በርትቷል ሲሉ ሰማሁ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደህና ነው፣ ጣሪያው አላፈሰሰም፣ ድመትሽ ወፍራለች። ይህን ያስቀደምኩት ቀጥሎ የምጽፈውን ስታነቢ "እናቴ ልቧን ስታለች" እንዳትዪ ነው።

ለገና የላክሽልኝን ደብዳቤ አሥር ጊዜ አንብቤዋለሁ። "እማዬ፣ የመጥለቂያ ዕቃሽን ሽጪውና ይውጣልሽ" ትያለሽ። "እምቢ ካልሽም ለዳር ዳሩ የሚሆን ርካሽ የመጥለቂያ ኮምፒውተር ይበቃሻል፤ የስልሳ ስምንት ዓመት ሴት ከእንግዲህ ምን የመጥለቅ ዕቅድ ይኖራታል?" ትያለሽ። ሌላ ሰው ቢለው ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ አልፈው ነበር። አንቺ ስለሆንሽ ግን አንጀቴ አረረ። ሦስት ቀን ከድመቷ በቀር ማንንም አላናገርኩም። በአራተኛው ቀን ወፍራሙን የመጥለቂያ ጓንቴን ይዤ ወደ ክርስቲያንሱን ከተማ ተሻገርኩና፣ ክንዴ ላይ ታስሮ ምን ያህል እንደጠለቅኩና መቼ መውጣት እንዳለብኝ የሚነግረኝን ኮምፒውተር ገዛሁ። ርካሹን አይደለም።

እዚህም ካንቺ ጋር የመከሩ ይመስላሉ። የጠላቂዎች ክበባችንን ሊቀመንበር ስቬይኑንግን ታውቂው የለ? በኖቬምበሩ ስብሰባ ኬክ አስጋግሮ መጣና፣ ስሜ የተቀረጸበት የእንጨት ሰሌዳ ሰጥቶ "የክብር አባል" አደረገኝ። ሁሉም አጨበጨበ። ነገሩ ሸተተኝ።

"የክብር አባል ሥራው ምንድን ነው?" አልኩት።

"ሥራ የለውም፤ ይከበራል።"

"ይጠልቃል?"

"አንቺ ደግሞ፣ ቦርግሂልድ። እኛ ስንጠልቅ ዳር ሆነሽ ዋፍል እየጋገርሽ ትጠብቂናለሽ። ያንቺን ዋፍል የሚያህል ደግሞ የለም።"

"ዋፍሉን አንተ ጋግረው። ከውሃው ይልቅ ለምድጃው ትመቻለህ" አልኩት። ቤቱ ሳቀ፣ እሱም ሳቀ፤ ስሜን ግን ከጸደዩ የጠላቂዎች ዝርዝር ሰርዞታል። ሰሌዳውን ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ አጭር እግር ሥር አስገብቼዋለሁ። ያ ሁሌ አባትሽ "ዛሬ እሠራዋለሁ" ሲል የኖረው ጠረጴዛ አሁን ንቅንቅ አይልም።

ወደ ሱቁ ልመለስ። ባለሱቁ ኦድቫር የሚባል ጎልማሳ ነው። ገና ስገባ "እናቴ፣ ለልጅ ልጅ ስጦታ ፈልገው ነው?" አለኝ።

"እናቴ አትበለኝ። የልጅ ልጅ የለኝም። የምጠልቀው እኔ ነኝ።"

ይቅርታ ጠየቀኝ፤ አልሳቀም። ወንበር ሳበልኝና "እንግዲያው ዕቅድዎን ይንገሩኝ። የሚመጡትን አምስት ዓመታት የት የት ሊጠልቁ ነው?" አለ። ያንቺው ጥያቄ ነው፣ ሲኖቬ። እሱ ግን መልሱን ሊሰማ ቁጭ አለ። አባትሽ ካረፈ ወዲህ ዕቅድሽ ምንድን ነው ያለኝ ሰው የለም፤ ሁሉም የሚጠይቀኝ እንቅልፌን ነው።

ነገርኩታ። በክረምት፣ ውሃው አራት ዲግሪ ሆኖ እንደ መስታወት በሚጠራበት ወራት እጠልቃለሁ አልኩት። ከቋጥኙ ወዲያ ሠላሳ ሜትር ጥልቀት ላይ ካለው መስክ የሚበላውን ዛጎል እንደ ድሮዬ በእጄ እለቅማለሁ። በኤፕሪል ኦክስጅን በበዛበት አየር መጥለቅን እማራለሁ፤ ተመዝግቤያለሁ። ሰባ ሲሞላኝ ደግሞ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሎፎተን እሄዳለሁ። የጠላቂዎች ሐኪም ልቤን መርምሮ የሰጠኝን ወረቀትም አሳየሁት፤ "ትችያለሽ፣ ግን ሳትቸኩዪ" ይላል።

ኦድቫር ሦስት ኮምፒውተሮች ደረደረ። የመጀመሪያው ለግብዣ የሚታሰር የእጅ ሰዓት ነው የሚመስለው፤ ጓንቴን አጥልቄ ቁልፉን ብነካው ሁለቱን ባንዴ ተጫንኩ። አስቀመጥኩት። ከሁለተኛው ጋር መብራት የሌለው የዕቃ ክፍሉ ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ኦድቫር ከውጭ "ደህና ነዎት?" ይላል፣ እኔ ያለ መነጽር ጥልቀቱን ላነብ ዓይኔን አፈጣለሁ። ወይ ፍንክች፤ አንዱም ቁጥር አልታየኝም። ሦስተኛው ትልቅና አስቀያሚ ነው፣ ቁጥሩ ግን ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ተራውን አየርም ኦክስጅን የበዛበትንም ያሰላል። የጥንቃቄውን ደረጃም ከፍና ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ከፍ ባለ ቁጥር ቀደም ብለህ መውጣት ጀምር፣ ስትወጣም ቀስ በል ይላል። ዛሬ ከሚያስፈልገኝ በላይ ነው። እናቴም ካፖርት ስታሰፋልን እጅጌውን አስረዝማ ነበር፤ ልጅ ያድጋል ብላ። እኔም ገና ነኝ።

"ባትሪውስ?" አልኩት።

"ራስዎ በሳንቲም ከፍተው ይቀይሩታል። በኤሌክትሪክ ገመድ የሚሞላ ይሻላል የሚሉ አሉ።"

"ጀልባ ላይ ኤሌክትሪክ ከየት ይመጣል? ይሄ ይሁን።"

"ባትሪው ላይ ጠንከር አሉ" አለኝ። ለሱ ያልነገርኩትን ላንቺ ልንገርሽ፤ ይህን ደብዳቤ የጀመርኩትም ለዚሁ ነው።

ባለፈው ኦገስት፣ በዚያ ቀን፣ አንቺ ጠዋት ሁለት ጊዜ ጠልቀሽ ዛጎል አወጣሽ። እኔ ጀልባ ጠባቂ ነበርኩ፤ ውሃ አልነካሁም። ለሦስተኛው ስትዘጋጂ የኮምፒውተርሽ ባትሪ አለቀ። "ለዛሬ ይብቃኝ መሰለኝ" አልሽ። እኔ ነኝ "ሁለት ከረጢት ቀርቶ ምን ይበቃል፣ እንቺ የኔን እሰሪ" ያልኩሽ። ከክንዴ ፈትቼ ክንድሽ ላይ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ኮምፒውተር የሚያውቀው የታሰረበትን ክንድ ብቻ ነው። የኔ ክንድ ያን ቀን ደረቅ ስለነበር፣ ደምሽ ውስጥ ከጠዋት ጀምሮ የተጠራቀመውን፣ ቀስ ብሎ ያልወጣን ጠላቂ የሚጎዳውን ናይትሮጅን አላየውም። "ገና ጊዜ አለሽ" አለሽ። አንቺም አመንሽው። ከወጣሽ በኋላ ትከሻሽ ታመመ፣ ከዚያ እግርሽ ደነዘዘ፣ ከዚያ ሄሊኮፕተሩ፣ ከዚያ የበርገን ሆስፒታል፣ በአየር ግፊት የሚያክሙበት ያ ጠባብ የብረት ክፍል። ሠላሳ ዓመት የጠለቅኩ ሴት፣ ለጀማሪ የሚነገረውን የመጀመሪያውን ነገር ለሁለት ከረጢት ዛጎል ብዬ ረሳሁ።

ሐኪሙ ሲጠይቅሽ "አሮጌ ኮምፒውተር አሳስቶኝ ነው" አልሽ። እኔን ለማዳን እንደሆነ ገብቶኝ ነበር። ስቬይኑንግም በስብሰባው "አሮጌ ዕቃ፣ አሮጌ ሰው" ሲል ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት። ዕቃው አሮጌ አልነበረም፤ አልተሳሳተምም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ስድስት ወር ፈጀብኝ። ከትናንት በስቲያ ስቬይኑንግ ቤት ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። ደነገጠ። "እንግዲያማ በፍጹም አትጠልቂም" አለኝ። "ስላጠፋሁት ቅጣኝ፤ ስላረጀሁ ግን አትቅጣኝ" አልኩት። ለጸደዩ ከክበቡ ጋር እንዳልጠልቅ ከለከለኝ፤ ተቀብያለሁ። ለመጸው ስሜን ይመልሰዋል፤ ባይመልሰው በየቀኑ በሩ ላይ ነኝ።

አጥፍቻለሁ፣ ልጄ። ይቅር በዪኝ ማለት ከብዶኝ ነው ስለ ድመትና ስለ ጣሪያ ስጽፍልሽ የከረምኩት። ይቅር በዪኝ። ባሕሩ ግን አላጠፋም። ዕድሜዬም አላጠፋም። ባሕር የሌለበት ከተማ መርጠሽ መሄድሽን እረዳለሁ፤ እኔ ግን ለጥፋቴ ማካካሻ ባሕሩን አልሰጥሽም። እንዲያ ብናደርግ ሁለታችንም ያጣነው ይበዛል።

አሁን አትቆጪ። የገዛሁት ሁለት ነው። ኦድቫር ማሰሪያቸው ላይ ስም ጻፈልኝ፤ አንዱ ቦርግሂልድ፣ አንዱ ሲኖቬ። ያንቺው የመጥለቂያ ዕቃዬ ካለበት፣ አንቺ ከጠላሽው መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል፤ ባትሪውን በየዓመቱ እቀይርለታለሁ፣ ማንም አያስረውም። ነይ እያልኩሽ አይደለም። የበርገኑ ሐኪም ከስድስት ወር በኋላ መጥለቅ ትችላለች ማለቱን ለማስታወስ ያህል ነው፤ ስድስቱ ወር ትናንት ሞላ።

አንድ ነገር ልንገርሽና ልዝጋ። ያንቺን ኮምፒውተር ጥንቃቄ ከኔው አንድ ደረጃ ከፍ አድርጌ አስተካክዬዋለሁ። ሕጋችንን ታውቂዋለሽ፤ ሁለት ሰው አብሮ ሲጠልቅ የሚያዘው የጠንቃቃው ኮምፒውተር ነው። ግራትስ ተቀምጠሽ "ከባሕሩ ውጪ" ብትዪኝ አልሰማሽም። እዚያ ታች፣ አጠገቤ ሆነሽ በጠላቂ ምልክት "እንውጣ" ብለሽ አውራ ጣትሽን ወደ ላይ ብታሳዪኝ ግን፣ ከረጢቴ ባዶም ቢሆን ተከትዬሽ እወጣለሁ።

እግዚአብሔር ትንፋሽሽን ያርዝምልኝ።

እናትሽ ቦርግሂልድ