የእኔስ በእውነት ተሰርቋል

ሰኞ

ጠመንጃዬን ሰረቁኝ። ከገዛ ቤቴ፣ ከራስጌዬ፣ ከተንጠለጠለበት ኩላብ ላይ።

ከሱብሂ ሶላት በፊት ጋቢዬን ሳነሳ ሥሩ ባዶ ነው። ጋቢው ስለሸፈነው መቼ እንደተወሰደ አላውቅም። ቅዳሜ ጠዋት በዘይት ወልውዬ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ወይ ቅዳሜ ነው ወይ እሑድ።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ከነገ ወዲያ ረቡዕ ቀበሌ ወስጄ ላስረክበው ነበር።

አዲሱ አዋጅ የሠራዊት መሣሪያ በገበሬ እጅ እንዲቀመጥ አይፈቅድም ተብሏል። ሌላው ዓይነት ተመዝግቦ ፈቃድ ይወጣለታል፣ ክላሽ ግን ይመለሳል። ባለፈው ስብሰባ አንድ ሠራተኛ እየተደናቀፈ አነበበልን። ወረቀቱን ተቀብዬ በእጄ ገለበጥኩት። ፊደል የቆጠርኩት አስተማሪ ሳይኖረኝ፣ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ጋዜጣ ነው፤ ከሰው አፍ ይልቅ ወረቀት አምናለሁ። ሕጉን አልወደድኩትም። ትልልቆቹ የራሳቸውን አውርደው ሲያስረክቡ አላየንም። ቢሆንም ሕግ ነው። ሦስት መንግሥት አይቻለሁ፤ ከአንዱም የደበቅሁት ነገር የለም።

ያንን ክላሽ ያገኘሁት ደርግ ሲፈርስ መንገድ ዳር ከተቀመጠ ወታደር ነው። አበላሁት፣ አሮጌ ሱሪና ኮት ሰጠሁት፣ እሱም መሣሪያውን ትቶልኝ ወደ አገሩ ሄደ። በዚህ ሁሉ ዘመን ሦስት ጊዜ ተኩሼበታለሁ። አንዱን ለጅብ፣ ሁለቱን ለታላቋ ልጄ ሠርግ።

ቅዳሜና እሑድ ቤቴ የገቡ፦
አራጋው፣ ጎረቤቴ። ምሣር ሊዋስ።
የአራጋው ሚስት። ጨው ፈልጋ።
ሁለት የመስጂድ ሽማግሌዎች።
ዶሮ ነጋዴው። ከበር ነው የተመለሰ።
ልጄ ሙሔ።

ሙሔን ሰረዝኩት። ልጄን ከሌባ ጋር መጻፌ ምን ነክቶኝ ነው።

ሌላም ጣጣ አለ። ቅዳሜ ሙሔና የአራጋው ልጅ ጀማል በውሃ ተራ ተጣልተው አካፋ ተማዘዙ። አራጋውና እኔ መሀል ገብተን ለያየናቸው። ሙሔ ከሳዑዲ ከተመለሰ ወዲህ ደሙ ቶሎ ይፈላል። እዚያ ምን እንደደረሰበት አይናገርም።

ማክሰኞ

ስርቆቱን ላስመዘግብ ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ አየኝና እስኪርቢቶውን አስቀመጠ።

«አያ እንድሪስ፣ አንቱም?» አለኝ።

«እኔም ምን?»

«አንቱም ተሰረቀብኝ ሊሉኝ ነው?»

መዝገቡን አዞረልኝ። ከእኔ በፊት አራት ሰዎች ክላሻችን ተሰረቀ ብለው ፈርመዋል። አራቱንም አውቃቸዋለሁ። አራቱም ውሸታሞች ናቸው።

«ይሄ ሌባ መቼም ምርጫ ያውቃል» አለ ሊቀመንበሩ። «ክላሽ ብቻ ነው የሚወስድ። አንድ በግ እንኳ አልነካም።» ጸሐፊዋ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች።

የእኔስ በእውነት ተሰርቋል አልኩት። ሁሉም እንደዚያው ነው ያሉት አለኝ። የመሣሪያውን ቁጥር ከደብተሬ አነበብኩለት። ጻፈው። እንዳላመነኝ ግን ከፊቱ አነበብኩ።

ስመለስ አራጋው መንገድ ላይ ያዘኝ። ትከሻዬን መታ መታ አደረገ።

«አበጀህ! እኔ እኮ አንተ ደረቅ፣ ሄደህ ታስረክባለህ ብዬ ሰግቼ ነበር። የት ቀበርከው?»

«አልቀበርኩም። ተሰረቅሁ።»

«እሺ፣ ተሰረቅህ። የእኔም ተሰርቆ ከበረቱ ሥር...»

«አትንገረኝ!» ብዬ ጮህኩበት። «ከነገርከኝ ስጠየቅ እናገራለሁ።»

ሳቀብኝ። ነገ ጦር ቢመጣ በከዘራህ ልትመልሰው ነው ወይ አለኝ። ጦር ሲመጣ የሚመልሰው መንግሥት ነው አልኩት። የባሰ ሳቀ። በስተሰሜን የሚወራው የጦር ወሬ እኔም ጆሮ ይደርሳል፤ ግን በወሬ ሕግ አይሻርም።

ቤት ስገባ ሙሔ የለም። ሚስቴ ዘሐራ ኮምቦልቻ እህቷ ዘንድ ልካዋለች። እህቷ ታማለች አለች። ሽንኩርቱ ውሃ በሚጠማበት ሰዓት! ምነው እኔን ሳትጠይቂ ብላት፣ «እህቴ ትበልጣለች ሽንኩርት?» አለችኝ። አርባ ዓመት ከዚች ሴት ጋር ስከራከር አንድም ቀን ረትቼ አላውቅም።

ረቡዕ

የማስረከቢያው ቀን። እጄን እያወዛወዝኩ ሄድኩ። ቃሌ ነውና በቀኑ መገኘት አለብኝ። ሰልፉ ላይ የነበርነው ሁለት ሰዎች ነን፤ እኔና የአባቱን አሮጌ ጠመንጃ፣ ውጅግራ የታቀፈ አንድ ሽማግሌ። የእሱን ውጅግራ መዝግበው መለሱለት። እንደ ሙሽራ አቅፎት ሄደ።

«አያ እንድሪስ፣ ባዶ እጅዎን ሊያስረክቡ መጡ?» አለ ሊቀመንበሩ።

ከሰዓት በኋላ ሁለት ሚሊሻዎች ቤቴን ሊፈትሹ መጡ። የአራቱን ቤት አልፈተሹም። የእኔን ፈተሹ። ምክንያቱን ስጠይቅ «አንቱ ብዙ ተናገሩ» አሉኝ። ጎተራውን በዘንግ ወጉት። የጭዱን ክምር በተኑት። አልጋዬን ገለበጡት። ያባቴ ቤት በጣሊያን ጊዜ እንኳ አልተፈተሸም።

ዘሐራ ደጃፍ ላይ ቆማ አንድ ቃል አልተናገረችም። ሌላ ጊዜ ቢሆን የሚሊሻዎቹን እናት ከነአያታቸው ትጠራ ነበር።

በቃኝ። ሌባው ካልተገኘ እኔ ነኝ ሌባው። ሸኽ ያሲን ዘንድ ሄጄ አውጫጭኝ ይጠራልኝ አልኩ።

ሐሙስ

ሸኽ ያሲን ቀኑን ሙሉ ሲያባብለኝ ዋለ። ከእኔ በዕድሜ የሚበልጥ፣ የደም ነገር ሲኖር አገር የሚያስታርቅ ሰው ነው። ስለዚህ ታግሼ ሰማሁት። ግን አልተመለስኩም።

አውጫጭኝ የአባቶቻችን ሥርዓት ነው። ንብረት ሲጠፋ የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ይሰበሰባል፣ ቁርአን ተይዞ ይማላል። ሌባው ሳይታወቅ ማንም ወደ ሥራው አይሄድም። በድብቅ የተመረጡ ሰዎች አሉ፤ ወፍ ይባላሉ። ያየ ሰው ለወፍ ይነግራል፣ ወፍ ለሽማግሌው። የተናጋሪው ስም አይነሳም። በዚህ ሥርዓት የጠፋች መርፌ ትገኛለች።

«እንድሪስ» አለኝ፣ «በዚህ ሰፈር ቁርአን ይዞ ስለ መሣሪያ የሚምል ስንት ሰው አለ ትላለህ?»

«እውነት የያዘ ሁሉ።»

«እንግዲያው አንተና የመስጂዱ ግድግዳ ናችሁ።»

ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ተስማማን። መሐላው ስለ እኔ ጠመንጃ ብቻ ይሆናል። የሌላውን ማንም አይጠይቅም። ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት አልወድም። ሌላ መንገድ ግን አልሰጡኝም።

ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ዋርካው ሥር ተሰበሰብን። የመስኖ ቀን ስለነበር ሁሉም ፊቱን አጥቁሮብኛል። አንዱ ጎምቱ፣ «የአንድ ሰው ብረት ጠፋ ተብሎ የአገር ጎመን ይድረቅ?» አለ። ሰማሁት፤ እንዳልሰማ ሆንኩ።

አንድ በአንድ ማሉ። የእንድሪስን ጠመንጃ አልወሰድኩም፣ የወሰደውንም አላውቅም። አራጋውም ማለ፤ ሲጨርስ በዓይኑ ጠቀሰኝ። አሁንም እኔው ደብቄ የምቀልድ መስሎታል። ጀማል ማለ። ውሸታሞችን አውቃለሁ፤ ዛሬ ሁሉም እውነታቸውን ነበር። ይሄ ይባስ አሳበደኝ።

ዐስር ሶላት ሲቃረብ ሸኽ ያሲን ክንዴን ይዞ ከዋርካው ኋላ ወሰደኝ።

«ወፏ ተናግራለች።»

«ማነው?»

«ነገሩ ከአጥርህ አልወጣም።» ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የሚያወራው። «እሑድ አርዲቦ ሐይቅ ልብስ ያጠበ ማን ነው? አሁን ሕዝቡን ልልቀቀው፣ ወይስ እዚሁ ፊቱ ላስነግርህ?»

ልቀቀው አልኩት።

ሸኽ ያሲን «የዛሬው ተዘግቷል፣ አፉ በሉ» ብሎ በተነው። እያጉረመረሙ ሄዱ። እኔም ቤቴ ገብቼ የሰኞውን ዝርዝር ገለጥኩ። አራጋው አለ። ሚስቱ አለች። በር ላይ የቆመውን ዶሮ ነጋዴ ሳይቀር ጽፌያለሁ። ዘሐራን አልጻፍኳትም። አብራኝ የምትኖር ሴት ቤቴ ውስጥ መኖሯን አልቆጠርኩም።

ዘሐራ ልብስ የምታጥበው ሐሙስ ሐሙስ ነው፤ ያን እሑድ ግን ልብስ ተሸክማ ወጥታለች። ይህንንም አልቆጠርኩም።

ዛሬ አልጠየቅኋትም። በንዴት ሳለሁ አልጠይቅም። እራት አልበላሁም።

ቅዳሜ

ጠየቅኋት። ሽንኩርት እየላጠች ነበር፤ አላቆመችም።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለች።

ያለችውን እንዳለችው እጽፋለሁ። ያ የውሃ ጠብ ቀን፣ እኔ መግሪብ ልሰግድ ስወጣ ሙሔ ክላሹን አወረደ። ጥይት አጎረሰው። በሩ ላይ ቆመ። ጀማል በሬዎቹን እየነዳ በአጥራችን ሥር ሊያልፍ ነው። ዘሐራ ፊቱ ቆመች፣ ጡቷን አውጥታ «በጠባኸው ጡት ይዤሃለሁ!» አለችው። ጠመንጃውን ሰጣትና ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። በማግስቱ ከልብስ ጋር ጠቅልላ በጀርባዋ አዝላ አርዲቦ ወሰደችው። ገደሉ አፋፍ ላይ ወጥታ ጥልቁ ውስጥ ጣለችው።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

ያን ጊዜ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ብነግርዎ ረቡዕ ጠመንጃውንም ልጁንም አንድ ላይ ያስረክቡት ነበር።»

አደርገው ነበር። ወላሂ አደርገው ነበር። ጸሐፊዋን አስተካክለሽ ጻፊ ብዬ፣ ስሙን ከነአባቱ ስም አስጽፌ፣ ራሴ እፈርም ነበር። በዚህች ሴት የከፋኝ ስለ ሰረቀችኝ አይደለም። ስለምታውቀኝ ነው።

እሑድ

በእግሬ አርዲቦ ወረድኩ። ውሃው ምንም አይናገርም። ሴቶች ያጥባሉ። ከነሱ አንዷ ናት ያየቻት። የትኛዋ እንደሆነች ለማወቅ ፊታቸውን አየሁ፤ ሁሉም ደህና ነዎት አሉኝ።

ሁለት መንገድ አለ። ነገ ሄጄ እውነቱን ብናገር ስሜ ይጠራል፤ እንድሪስ ውሸታም አይደለም ይባላል። ግን ማን አወረደው፣ ለምን አወረደው ይባላል። አራጋው ይሰማል። የአራጋው ክላሽ ደግሞ ከበረቱ ሥር ነው። አትንገረኝ እያልኩት ነገረኝ፣ የማይረባ! ልጁ ሊገደል እንደነበር የሰማ አባት ምን እንደሚቆፍር አውቃለሁ።

ሕጉ እኮ የወጣው ለዚህ ነበር። እንደ ሙሔ ያለ ደሙ የፈላ ሰው እጅ እንዳይገባ። እኔ ቁጥሩን ጻፍኩ፣ ቀኑን ጻፍኩ፣ በዘይት ወለወልኩት፤ ጥይቱን ግን ከአጠገቡ ሰቅዬ መስጂድ ሄድኩ። ሕጉን የፈጸመች ፊደል የማታውቅ ዘሐራ ናት። ይህን መጻፍ ጥርሴን ያስነክሰኛል።

ሰኞ

ቀበሌ ጠሩኝ። የተዘጋጀ ወረቀት አለ። ተሰርቋል፣ የወሰደው ሰው አይታወቅም ይላል። ባለፈው ሳምንት እውነት የነበረው ቃል ዛሬ ውሸት ሆኖ ፊቴ ተቀመጠ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ፈረምኩ። ከአራቱ ሥር፣ አምስተኛ።

«አሁን እንደ ሰው ሆኑ» አለ ሊቀመንበሩ። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ስድብ ውጬ አላውቅም።

መንገድ ላይ አራጋው ከነልጁ በሬ ይነዳል።

«እህስ፣ ሌባው ተገኘ?» አለኝ ከሩቅ።

«አልተገኘም።»

«ወይ አንተ!» ብሎ ሳቀ። በደረቁ እንድሪስ ይህን ያህል ዘመን የሚቀልድበት አግኝቶ አያውቅም፤ ከእንግዲህ እስክሞት ያወራዋል። ያውራ።

ጀማል መጥቶ ትከሻዬን ሳመ። ሙሔ መቼ ይመጣል አለኝ። «የውሃው ተራ የሱ ነበር፣ ዛሬ ለናንተ ሽንኩርት ለቅቄዋለሁ፤ እንዳይደርቅ ብዬ።» አንገቱ ላይ የላብ ጨው ደርቋል። ከበሬው ጋር እየተጋፋ፣ እያፏጨ ሄደ። መንገዱ ላይ ቆሜ እስኪታጠፍ ድረስ አየሁት።

ቤት ገብቼ ለዘሐራ አንድ ነገር ብቻ ነገርኳት። «ሙሔን ጥሪው። የእህትሽ በሽታ ይብቃው።» ቀና ብላ አየችኝ።

ይቅር አላልኳትም። አመሰግንሻለሁም አላልኩም። ኩላቡን ከግድግዳው ነቅዬ እሳት ውስጥ ከተትኩት። ቀዳዳውን በጭቃ ደፈንኩት፤ እስኪደርቅ ይታያል።

ሸኽ ያሲን ቢጠይቀኝ፣ አራጋው ቢያሾፍብኝ፣ ሙሔ ራሱ መጥቶ እግሬ ላይ ቢወድቅ፣ ስለዚህ ጠመንጃ ከዛሬ በኋላ ከአፌ አንድ ቃል አይወጣም። ደብተሩም ይኸው ነው ያገኘው።