ደወሉ ከፊትዎ እንዲሆን

ይድረስ ለውድ እናቴ ለወይዘሮ ውብነሽ፤

እንደምን ከርመዋል፣ እማዬ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? የደብረ ብርሃን ብርድ ዘንድሮ ራራልዎ ወይስ እንደ ልማዱ ነው? እኔ ከናፍቆትዎ በቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እዚህ ጅማ ዝናቡ ገና አልቆመም፤ የቡ ከተማ በኩል ግን ቡናው መቅላት ጀምሯል አሉ።

እህቴ ናርዲ ደውላ፣ ከቤቴ ቀድቼ የላክሁልዎን ድምፅ ሰምተው የተናገሩትን ነገረችኝ። «ቤተ ክርስቲያኑን ከጀርባዬ አድርጎ የሚያስቀምጠኝ ልጅ ነው እንዴ የወለድሁት? እዚያ ቤት አልገባም» ብለዋል አሉ። መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ቆይቶ ግን ነገሩ አሳሰበኝ። እሷ ከጥምቀት በኋላ ባሏ ዘንድ ሐዋሳ መሄዷ ነው። ዓይንዎ እንዲህ ደክሞ ብቻዎን እንዲቀሩ አልፈልግም። ያንን ድምፅ የላክሁልዎም ወደ እኔ ሳይመጡ በፊት ቤቴን በጆሮዎ እንዲለምዱት ብዬ ነበር።

አሠራሩን ላስረዳዎ። በምሠራበት ኮሌጅ ስቱዲዮ ውስጥ ድምፅ የማቀናብርበት የኮምፒዩተር ፕሮግራም አለ። መካከሉ ላይ የሰው ራስ ተሥሏል፤ እያንዳንዱን ድምፅ በዙሪያው፣ ካሻኝም ከበላዩ አስቀምጠዋለሁ። በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማው ሰው ዝናቡን ከቆርቆሮው ላይ፣ የወጥ ቤቱን ኳኳታ ከቀኙ ይሰማል። እኔ ታዲያ የቀዳሁት ፊቴን ወደ ግቢው በር፣ ወደ ምዕራብ አዙሬ ተቀምጬ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ከጀርባ የሆነው ለዚህ ነው። እርስዎ ደግሞ ለጸሎትም ለወሬም የሚቀመጡት ወደ ምሥራቅ ነው! ልጅዎ ሆኜ ይህን መርሳቴ ይገርማል።

ፕሮግራሙ ሁሉንም ድምፅ በአንድ ጊዜ ያዞራል፤ አዞርሁትና ደወሉ ፊት ለፊት መጣ። ደስ ብሎኝ ልልክልዎ ስል እዚህ ያዘጋጀሁልዎ አልጋ ትዝ አለኝ። እሱ እንደሆነ ከቦታው አልተነቃነቀም። እዚህ መጥተው ድምፁን አምነው ሲነሡ ከግድግዳ ጋር ሊላተሙብኝ ነው። እናትን በጆሮዋ ማታለል ነውር ስለሆነ አጠፋሁት።

ከዚያ ጎረቤቴን ቲጃኒን ጠርቼ አልጋውን አዞርነው፤ ቁም ሣጥኑንም ወደ ሌላው ጥግ ገፋነው። አሁን አልጋው ጠርዝ ላይ ሲቀመጡ ደወሉ በእውነት ከፊትዎ ነው፤ የክፍሉ በር ከግራዎ። እዚያው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ እንደገና ቀዳሁ።

ስቀዳ የቲጃኒ ሚስት ለጢፋ ገባች። ዝም በይ ብዬ በእጄ ባመለክታትም አልሰማችኝም። እኔን ትታ፣ እርስዎ የተቀመጡበት ይመስል አልጋውን እያየች፣ «አከም ቡልተን፣ እማማ! ይምጡ እንጂ፤ ኢንሻ አላህ እኔ አለሁልዎት» አለች። አከም ቡልተን በኦሮምኛ እንዴት አደሩ ማለት ነው። በሙያዬ እንዲህ ያለውን ቆርጬ ነው የምጥለው፤ እሷን ግን ተውኋት። በግራዎ በኩል ይሰሟታል።

አዲሱ ድምፅ ያለበትን ፍላሽ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያለሁ። ናርዲን ይሳሙልኝ፤ የማዳመጫውን ቀኝና ግራ እንዳታምታታው ይቆጧት። ጎረቤትዎን እትዬ ፋንቱን እጅ ነሥቻለሁ ይበሉልኝ። ልጃቸውን ዳግማዊንም ለትምህርቱ እንዲበረታ ይምከሩልኝ።

እማዬ፣ ሰምተው ካልተስማማዎት አይፈሩኝ፣ ይንገሩኝ። ድምፁን አልነካውም፤ ቤቱን እንደገና አዞረዋለሁ።

ልጅዎ እሱባለው
ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ
መስከረም 28 ቀን 2007 ዓ.ም.