አቶ ክፍሉን አግቢያቸው ያልኩሽ ለምን እንደሆነ

ድሬዳዋ፣ ሰኔ 1959 ዓ.ም.

ለምትናፍቂኝ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት አድርጎሻል? ሞጆ ዝናቡ ጀመረ ሲሉ ሰምቼ ያ የሚያፈሰው ጣራሽ አሳሰበኝ። እኔ ሙቀቱ ካልሆነ በቀር ምንም አላገኘኝም፣ ተመስገን። መጋላ ሰፈር ያረፍኩባቸው፣ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ የማርያን ቤተሰቦች ከልጃቸው ለይተው አያዩኝም። በዐቢይ ጾም እናቷ የእኔን ሽሮ የሚሠሩበት ድስት ለብቻው ነበር።

እማዬ፣ ይህን ደብዳቤ ለማንም አታስነብቢ። ፊደል ከቆጠርሽ ወዲህ ቀስ እያልሽም ቢሆን ታነቢያለሽና ራስሽ አንብቢው።

ባለፈው አቶ ክፍሉን አግቢያቸው ብዬ ብጽፍልሽ ተቆጣሽ። «አባትሽ ከጅቡቲ ሳይመለስ፣ መሞቱም ሳይነገረኝ? አንቺው አይደለሽም ወይ ስታለቅሺ የከረምሽው? ዛሬ ምን አገኘሽ?» አልሽኝ። እውነትሽን ነው። እሳቸው ሽማግሌ የላኩ ጊዜ በር ዘግቼ ያኮረፍኩት እኔ ነኝ። ልቤን ምን እንደለወጠው መናገር የምችለውን ያህል ልንገርሽ።

እዚህ የምንማረው የተጣሉ ባልና ሚስትን ማማከር ነው። አስተማሪያችን ወይዘሮ የኔነሽ፣ «ሽማግሌ ይፈርዳል፤ እናንተ ግን ትሰማላችሁ» ይሉናል። እርስ በርሳችን ባልና ሚስት እያደረጉ ያጣሉናል። ማርያን ባል ሆና ሶማሊኛውን ካማርኛ እየደባለቀች ስትቆጣ በሳቅ እንሞታለን። እሳቸው አይስቁም። «ለማስታረቅ የሚቸኩል ሰው መስማት የሰለቸው ነው» ይላሉ። ከሁሉም የሚያጠብቁት ግን ሌላ ነው። በምናማክርበት ክፍል የተሰማ ነገር ወደ ውጭ አይወጣም፤ የምናውቀው ሰው ከገባ ደግሞ ተነሥተን መውጣት አለብን። በዚህ ምለናል።

በመጋቢት አንድ ባልና ሚስት መጡ። ተራው የእኔ ነበር፤ ወይዘሮ የኔነሽ ከኋላ ተቀምጠው ያዩኛል። ስማቸውን ጠየቅሁ። ሚስትየዋ ስሟን ነገረችኝ። ባልየው ስሙን ሲነግረኝ ቀና ብዬ አየሁት። ያኔ መነሣት ነበረብኝ። አልተነሣሁም።

የተናገሩትን አልጽፍልሽም፤ ያደረግሁትን ብቻ ነው የምነግርሽ። እንደተማርኩት ጠየቅሁ፣ እንደተማርኩትም ዝም አልኩ። በመጨረሻ፣ ለሚስትዎ ያልነገሯት የከበደዎት ነገር አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። መለሰልኝ። እሷም እጁን ያዘችው። ልጠላት ፈልጌ ነበር እማዬ፣ አቃተኝ። ፊቷ የደከመ፣ ሕፃን ልጇ ጡቷን እንደያዘች እቅፏ ውስጥ የተኛችባት ሴት ናት።

ሲጨርሱ ሴትየዋ ልጇን አዝላ ቀድማ ወጣች። እሱ ከወንበሩ ተነሥቶ፣ ተባረኪ ልጄ አለኝ። ስሜን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። የማን ልጅ እንደሆንኩም ጠየቀኝ። በአባቴ ፋንታ ያንቺን ስም ነገርኩት።

ተነሥቶ የነበረው ሰው ተመልሶ ተቀመጠ።

ከደጅ ሚስቱ፣ ጋሪው ጥሎን ሊሄድ ነው እያለች ትጠራዋለች። ግድግዳውን ተደግፎ ወጣ።

ወይዘሮ የኔነሽ በሩን ዘግተው፣ «ታውቂዋለሽ» አሉኝ። አልካድኩም። ከትምህርት ቤቱ የሚያባርሩኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ጎኔ ተቀምጠው፣ «እንደ ዘመድ የምትጠይቂው ካለሽ ትምህርቱን ትተሽ ሂጂና ጠይቂው፤ ማንም አይፈርድብሽም። አማካሪ መሆን ከፈለግሽ ግን የሰማሽው እዚሁ ይቅር። ሁለቱንም ልትሆኚ አትችይም፣ ልጄ» አሉኝ። ጉዳዩን ከእኔ ወስደው ለማርያን ሰጧት። ያን ቀን የደቻቱን ድልድይ ስንሻገር ማርያን እጄን ይዛኝ ነበር፤ አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። እሷም ተምራለች።

ሰውየው አንድ ቀን ብቻውን መጥቶ ከትምህርት ቤቱ ደጅ ዛፍ ሥር ሲጠብቅ ዋለ። አልወጣሁም። ከእኔ ቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባ ሰው አለ ብዬ ነው።

ከፋሲካ በኋላ ባልና ሚስቱ ሲወጡ በመስኮት አየኋቸው። ሕፃኗን የተሸከመው እሱ ነበር። ታርቀዋል። እርቁን የጀመረችው ያንቺ ልጅ ናት፤ ደግ ሠራሽ ትይኝ እንደሆነ አላውቅም። ወይዘሮ የኔነሽ ጥሩ አድርገሽ ጠይቀሻል ብለው አመስግነውኛል፤ እኔ ግን ያን ምስጋና በሰማሁ ቁጥር አለቅሳለሁ።

አቶ ክፍሉ ደግ ሰው ናቸው። ጣራሽ ሲያፈስ መሰላል ይዘው የሚመጡት እሳቸው ናቸው። ደጅ ደጁን እያየሽ ብቻሽን አታርጂብኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። በየእሑዱ የአባቴን ስም ከመንገደኞች ጋር እየጠሩ ይጸልዩለታል አይደል? ከእንግዲህ ከመንገደኞቹ ያውጡት። ከሙታኑ ጋር ግን አያስገቡት።

እመብርሃን ጉልበትሽን ታበርታልሽ፤ በቤትሽ ሳቅ ታስገባ። ምርቃትሽ አይለየኝ።

ያንቺው ልጅ